አንድ ፎቅ ወደ ታች

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

«ከላይ ያሉት ሰውዬ እኮ ንጹሕ ናቸው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ። እኔም አንዱ አያመልጠኝ!»

ይህን ያለችው ከእኔ በታች ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ያለችውም ለእኔ ሳይሆን ከደረጃው ሥር ላለው ባለሱቅ ነው። እኔ ጉልበቴን ላሳርፍ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ነበርና ሳልፈልግ ሰማሁ። ሰው ፊት ለፊት ሲመሰገን ውዳሴ ይሁን ልመና አይታወቅም፤ በሌለበት ሲመሰገን ግን እውነት ነው። ከሰላምታዬ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ደስታዬን መያዝ ስላቃተኝ ነውና ይቅር በዪኝ። እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው፤ እሱም ቢሆን ስምሽ ሲነሳ ትንሽ ሻል ይለዋል። በወጣሽ በገባሽበት ፈጣሪ ቀድሞሽ ይግባ።

ምስጋናው በእርግጥ የአንቺ ነው። የድሮው ገንዳ ውስጥ ወድቄ የተነሳሁ ጊዜ፣ ከሩቅ ሆነሽ ሰው ልከሽ ገንዳውን አስነቅለሽ ይህን በሴራሚክ የተለበጠ ሻወር ባታሠሪልኝ ኖሮ፣ ዛሬም በሳፋ እየተንቦራጨቅኩ የማንም አርአያ ባልሆንኩ ነበር። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት አራሚነት እንደጨረስኩ ታውቂያለሽ። የሰው ስህተት ሳድን የኖርኩ ሰው ነኝና ስለ ራሴ መልካም ሲወራ መስማት አልለመድኩም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዳንዴ እዘላት የነበረችውን የማታዋን ትጥበት እንኳ አላስቀርም። ምሳሌ ያደረገሽን ሰው ማሳፈር ነውር ነው።

ሰፊዋን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የገባች ናት። የሙሽራ ልብስ ነው የምትሰፋው። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ የምትሠራውም የምትተኛውም እዚያችው ክፍል ነው። የስፌት መኪናዋ ድምፅ በወለሌ በኩል ይሰማኛል፤ ወዳጅ ሆኖኛል። ደግሞ ጨዋነቷ! ውሃውን ከፍቼ ጥቂት እንደቆየሁ መኪናው ቀጥ ይላል። ታጥቤ ከጨረስኩ በኋላ፣ ቆየት ብሎ፣ እንደገና ይነሳል። ሽማግሌ ሲታጠብ ሥራውን አቁሞ የሚያከብር ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ረጅም እጀታ ያለው የጀርባ መፋቂያ ላኪልኝ። አርአያ የሆነ ሰው ጀርባውም መታየት አለበት።

አጎትሽ

*

ጥቅምት 25

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደ ወጉ ሁለቱንም ጉልበትዎን እስማለሁ፤ የታመመውን ቀስ አድርጌ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው መነጽር ቤት ነው የምሠራው፤ መስታወት ስሞርድ እውላለሁ። የእኔ ዓይን ደክሞ የሌላው ሰው ዓይን ይበራል፤ ሥራ ማለት ይኸው ነው። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል፤ አይቆጡኝ። መኪናው የሚቆመው በአክብሮት አይመስለኝም። ጨርቋን ልታሸሽ ተነስታ ይመስለኛል።

እባክዎ አንድ ፎቅ ወርደው ኮርኒሷን ይዩልኝ። ከሻወርዎ ትይዩ ቡናማ ክብ ካለ፣ ወይም ቀለሙ አብጦ ከተላጠ፣ የእርስዎ ውሃ እየወረደባት ነው። ሌላም አለ፤ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር ላይ አውራ ጣትዎን ጫን ያድርጉ። ላስቲክ የመሰለ ለስላሳ ነገር መኖር ነበረበት። አለ?

የጀርባ መፋቂያውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ግን መልስዎን ሳልሰማ አልክም። እስከዚያ ድረስ በቀን አንዴ ይብቃዎት፤ ንጹሕ መሆንዎን ሁላችንም እናውቃለን።

ልጅዎ

*

ኅዳር 12

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ አጎት፣ አንዴ እንደ አራሚ፣ አንዴ እንደ ተከሳሽ። እንደ አጎት ደስ አለኝ። እንደ አራሚ የሚነቀፍ ነገር አጣሁበት። እንደ ተከሳሽ ግን መልስ አለኝ።

አልወረድኩም። አንድ ሽማግሌ ብቻዋን የምትኖር ሴት በር አንኳኩቶ «ኮርኒስሽን ልይ» ቢል፣ ይህ ሕንጻ ዓመት ሙሉ የሚያኝከው ወሬ አገኘ ማለት ነው። ደግሞም አንቺ ያሠራሽልኝን ነገር እያንኳኳሁ «ያፈስ ይሆን?» ብዬ ልጠይቅ? የሰው ስጦታ በአደባባይ አይገለበጥም።

ላስቲኩን በተመለከተ፦ አዎን፣ ነበር። መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ ኋላ ጠቆረ። እኔ ደግሞ በማይገባበት ቦታ ጥቁር መስመር ካየሁ መሰረዝ የሥራ አመሌ ነው። ከዳር እስከ ዳር በቢላዋ ነቀልኩት። ሠራተኛው ረስቶት የሄደ ነገር ነበር የመሰለኝ። በፋንታው ነጭ ሲሚንቶ በጥብጬ በጣቴ ሞላሁት። ብታዪው እንደ ጥርስ ነጭ ነው! ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጥታበታለች፤ እሷን እንደ ውበት ቁጠሪያት። በየሳምንቱም በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን መስመር ሁሉ በአቼቶ አሸዋለሁ። ሴራሚክ ድንጋይ ነው ልጄ፤ ድንጋይ ውሃ አያሳልፍም።

ይልቅ አንድ ነገር አሳሰበኝ። የደብዳቤሽ የታችኛው ጥግ ላይ ቀለሙ ተበትኗል፤ ወረቀቱም ደርቆ ጨረማምቷል። ስትጽፊ አልቅሰሻል። ለምንድን ነው? የእኔ ሻወር የሚያስለቅስ ጉዳይ አይደለም። የከፋሽ ነገር ካለ ንገሪኝ፤ አባትሽ ባይኖር እኔ አለሁ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 29

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ፈጣሪ ጤናውን ከትዕግሥት ጋር ይስጥዎ፤ ትዕግሥቱ የእኔን ደብዳቤ ለማንበብ ነው።

አላለቀስኩም። ወረቀቱ ላይ ውሃ ነካው።

ድንጋይ አያሳልፍም፤ ልክ ነዎት። ውሃ የሚገባው ድንጋይና ድንጋይ በሚገናኙበት ነው። ሕንጻ እንደ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ የቆመ ቢመስልም ይንቀሳቀሳል። ግድግዳው ለብቻው፣ ወለሉ ለብቻው። ላስቲኩ አብሮ ይሳባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል። እንደ ውበት ይቆጠር ያሉኝ ፀጉር መሳይ ስንጥቅ፣ ውሃው የሚገባበት በር እሱ ነው። አቼቶውም በመካከል ያለውን መሙያ እየበላው ነውና ዛሬውኑ ያቁሙት፤ በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት።

ቢሆንም በግምት ምንም ነገር እንዳይነኩ። ውሃው ከየት እንደሚወርድ ማወቅ የሚቻለው ተጠርጣሪውን አንድ በአንድ ነጻ በማውጣት ነው። መጀመሪያ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ይዩ፤ ማንም ውሃ ሳይነካ ከዞረ፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ነው። ካልዞረ፣ በባልዲ ውሃ ይዘው ቀጥታ ወደ ማፍሰሻው ቀዳዳ ብቻ ያፍሱ፤ ሌላ ቦታ እንዳይረጭ። ሌላ ቀን፣ ሁሉም ሲደርቅ፣ ቀዳዳውን በጨርቅና በፕላስቲክ ደፍነው መካከሉ ላይ ውሃ ያቁሩ፤ ግድግዳው ሥር እንዳይደርስ። በመጨረሻም ግድግዳውንና ጥጉን ብቻ ያርጥቡ፣ ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ላይ። በየመሐሉ ታች ሆኖ ኮርኒሱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ጋሼ፣ ይህ ፈተና ያለ ታችኛው ቤት ግማሽ ነው። ያንኳኩ። «ኮርኒስሽን ልይ» አይበሉ፤ «ውሃዬ አስቸገረሽ ወይ?» ይበሉ።

ከየት አወቅሽው ካሉኝ፣ አንብቤ ነው። ለምን አነበብሽ ካሉኝ፣ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ

*

ጥር 20

ለወንድሜ ልጅ፣

ስለዘገየሁ ምክንያት አልደረድርም። ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ እኔን ግን ከሰሞኑ ነፍጎኛል።

ያልሽውን ሁሉ አድርጌአለሁ፤ ከአንዱ በቀር። አላንኳኳሁም። ከማንኳኳት የሚያድን ዘዴ አገኘሁና በራሴ ተደነቅኩ። ዘዴው የስፌት መኪናው ነበር። ኮርኒሷ ላይ ውሃ ከመጣ መኪናው ይቆማል፤ ካልመጣ ይሰፋል። ታዲያ ዓይን ለምን ያስፈልገኛል? ጆሮዬን ወለሉ ላይ አድርጌ ተኛሁ።

ቆጣሪው አልዞረም፤ ቧንቧው ነጻ ወጣ። ውሃውን በባልዲ ወደ ቀዳዳው አፈሰስኩ፤ መኪናው መስፋቱን ቀጠለ። በሌላ ቀን መካከሉ ላይ ውሃ አቆርኩ፤ አሁንም ትሰፋለች። በጣም ደስ አለኝ። «አላልኩሽም?» ብዬ ለአንቺ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። በመጨረሻው ቀን ግድግዳውንና ጥጉን አረጠብኩ። አንዴ ማንቆርቆሪያዬን እንደገና ልሞላ ተነስቼ ስመለስ፣ መኪናው ቆሟል። ደግሜ አፈሰስኩ። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ለማረጋገጥ ብዬ ሌላ ጨመርኩ፤ አራሚ ሁለት ጊዜ ሳያይ አይፈርምም። «ጥጉ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ወርቅ ያገኘሁ መሰልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቅ ስወርድ ከሰፊዋ በር ላይ አንዲት ሴትዮ ነጭ ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ቀሚሱ ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያክል ቡናማ ነገር አለበት።

«ይሄ ምንድን ነው? ሻይ ነው የደፋሽበት?»

«አይደለም እማማ…»

«ታዲያ ምንድን ነው? ልጄ ይህን ለብሳ ልትዳር? እጅሽን ብዬ መጥቼ!»

«አስለቅቀዋለሁ እማማ፤ ካልለቀቀ በአዲስ ጨርቅ እሠራዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጥፋቱ የእኔ ነው አለች! እኔ እዚያው ደረጃው ላይ ነኝ፤ አይታኛለች። ጣቷን ወደ እኔ ብትቀስር ኖሮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ጣቷን አልቀሰረችም። ቀና ብላ «እንደምን ዋሉ አባባ?» አለችኝ። «ደህና ዋልሽ ልጄ» አልኩና ሱቁን ትቼ ወደ ላይ ተመለስኩ። ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሻወሩን አልከፈትኩትም፤ ኩሽና ውስጥ በሳፋ እታጠባለሁ። ትናንት ባለሱቁ «ጋሼ ምነው፣ አሞዎት ነበር እንዴ? ሰፊዋ ድምፃቸው ጠፋ እያለች ነው» አለኝ። ሲቆይ ደግሞ «ለነገሩ እሷም ሌላ ቤት እያፈላለገች ነው፤ በዚህ እርጥበት የሙሽራ ልብስ አይሰፋም ትላለች» አለ፤ ሳሙናዬን እየጠቀለለ። ለካ ያኔ «እኔም አንዱ አያመልጠኝ» ያለችው…

መፋቂያው ይቅር። ያን ላስቲክ ላኪልኝ።

አጎትሽ

*

የካቲት 12

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ሰላምታውን በልቤ አድርሼአለሁ።

ልቆጣዎት ፈልጌ ነበር። የሰው እንጀራ የሆነ መኪና የውሃ መለኪያ ይደረጋል? ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። የቀደድኩት የምቆጣበት ፊት ስለሌለኝ ነው።

ጋሼ፣ ወረቀቴ ላይ ያዩት እንባ አይደለም። እኔም የምኖረው ከሰው መታጠቢያ ቤት በታች ነው። ከአልጋዬ በላይ ቡናማ ክብ አለ፤ በየወሩ ጠርዙ ይሰፋል። ከላይ ያለችው የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት ናት። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ጸጥተኛዋ!» ትለኛለች፤ በደግነቷ ነው። ክፍሉን የሰጠችኝ ማንም በማያውቀኝ ጊዜ ነበር። ታዲያ ምን ብዬ ልውጣባት? «ውሃዎ መጣብኝ» ልበላት? ስለ ማፍሰሻውም ስለ ላስቲኩም ያነበብኩት ለዚህ ነው። ሁሉንም አውቀዋለሁ። የማላውቀው ደረጃውን መውጣት ነው። ኮርኒሱ ሲጀምር አልጋዬን አሸሻለሁ፤ ሰፊዋ ጨርቋን እንደምታሸሸው። ውሃ ከላይ የሚወርድባት ሰው ምን እንደምትል የማውቀውም ከዚሁ ነው፤ ምንም አትልም። ደህና ዋሉ ትላለች።

ላስቲኩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። ሲሊከን ነው። ሲሚንቶዎን አንድም ሳያስቀሩ ፍቀው ያውጡ። ከዚያ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥብ ላይ አይይዝም፤ ሳይደርቅ የተሠራ እንዳልተሠራ ነው። ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት፣ ግድግዳና ግድግዳም በሚገናኙበት ጥግ ሁሉ ሳያቋርጡ ይሙሉ፤ በሳሙና ውሃ በነካ ጣት ያለስልሱት። እስኪጠና ድረስ ውሃ እንዳያዩበት። ከሴራሚኩ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን መኖር ነበረበት፤ ይኑር አይኑር አሁን ሳይፈርስ አይታወቅም። ስለዚህ ያለንን እንጠብቅ፦ ከታጠቡ በኋላ ግድግዳውን ይጥረጉ፤ መስኮቱን ይክፈቱ፤ ጥጉን በየጊዜው በጣትዎ ይዳስሱ። ሲጠቁር ሻጋታ ነው፤ ይጠቡት። አይሰርዙት!

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ውል እንግባ። እርስዎ አንድ ፎቅ ይውረዱ፤ እኔ አንድ ፎቅ እወጣለሁ።

ልጅዎ

*

መጋቢት 8

ለምወድሽ ልጄ፣

ከአልጋሽ በላይ ያለውን ካነበብኩ ወዲህ እኔም ወደ ጣሪያዬ አያለሁ። እኔ በቀን ሁለቴ ስታጠብ አንቺ በዚያ እርጥብ ክፍል ሆነሽ ሻወር ታሠሪልኛለሽ! ይህ ለማን ይነገራል? ፈጣሪ በረከቱን ያብዛልሽ ልል ስጀምር ብዕሬ አፈረ።

ዕቃው ደርሷል። ሲሚንቶውን ስፍቅ ሰነበትኩ። አንዳንዱ ቦታ በጥፍሬ ብቻ ወጣ፤ እንዲያ ያለ ነገር ነው ስኮራበት የኖርኩት። ከሥሩ ያለው እንደ ጭቃ እርጥብ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ሞላሁ፤ በሳሙና ጣቴ አለሰለስኩ። መስመሩ ትንሽ ጠማማ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠማማ መስመር አይቼ አላረምኩም።

ውሉን አልረሳሁም። የምላትንም ጽፌአለሁ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ሙሉ ነበር፤ ስለ ሕንጻ መንቀሳቀስ፣ ስለ ሲሚንቶ ግትርነት፣ ስለ ጉልበቴም ጭምር ያትታል። ሳርመው ግማሽ ሆነ። እንደገና ሳርመው «ውሃው የእኔ ነው፤ ቀሚሱንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብቻ ቀረ። ሌላው ሁሉ ለካ ማምለጫ ነበር።

ብቻ ሲሊከኑ በደንብ ይጥና ብዬ ነው። ጥገናው መያዙን ሳላረጋግጥ ባዶ እጄን ሄጄ ይቅርታ ብል ምን ዋጋ አለው? ነገ ቢንጠባጠብባትስ? ይቅርታ ደረቅ ኮርኒስ ይዞ ሲሄድ ነው የሚያምረው። የሕንጻው ባለቤት የወከሉት ተቆጣጣሪ ኮርኒሷን ቀለም ሊያስቀባላት እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እሱም ሲያልቅላት እሄዳለሁ።

መኪናው ሰሞኑን ድምፅ የለውም። ሥራ ቀንሶላት ይሆናል፤ ወይም እኔ ስለማልታጠብ ተረጋግታ ቀን ቀን ትተኛ ይሆናል። ትረፍ፤ ብዙ ጊዜ አስነስቻታለሁ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 30

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ወጣሁ!

መጀመሪያ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። እንደገና ወጣሁና ሳላንኳኳ አሮጊቷ ራሷ ከፈተች፤ ቆሻሻ ልትጥል ነበር።

«ጸጥተኛዋ! ምን ሆንሽ?»

«አይ፣ ምንም።»

«ምንም ብለሽ ደረጃ ትወጫለሽ?»

ነገርኳት። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ እንደ ሌባ ነው የተናዘዝኩት፤ የሚንጠባጠብበት ሰው እኔ ሆኜ! ቆሻሻውን እንደያዘች በነጠላ ጫማዋ ተከትላኝ ወረደች። ኮርኒሱን አየች። አልጋውን አየች፣ ከግድግዳው ርቆ በክፍሉ መካከል እንደ ጀልባ የቆመውን። ቁጭ አለችበት።

«ጠዋት ጠዋት ‹ደህና አደርሽ ወይ?› እልሽ የለም?» አለችኝ።

«ይሉኛል።»

«ምን ትይኛለሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ልጠንቁል?»

ቀጥላ አለቀሰች። ስለ ውሃው አይደለም፤ «ይህን ያህል የምፈራ ሰው ነኝ ወይ?» እያለች። ከዚህ ሁሉ ኮርኒሱ ይሻለኝ ነበር ጋሼ። ዝምታዬ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለእሷ ስድብ ነው። በማግስቱ ሠራተኛ መጣ። የማፍሰሻው ክዳን ዙሪያ ያለው ላስቲክ ተበልቶ ኖሯል፤ ጠዋት ገብቶ ከምሳ በፊት ጨርሶ ወጣ። ያን ሁሉ ጊዜ የተኛሁበት እርጥበት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

የሲሊከኑ ማሸጊያ ላይ እስኪጠና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ተጽፏል፤ እርስዎ ከዚያ በላይ ጠብቀዋል። ጋሼ፣ የጠናው ሌላ ነገር እንዳይሆን። ደረቅ ኮርኒስ አይጠብቁ። ይቅርታ እርጥቡም ላይ ይይዛል። ዛሬውኑ ይውረዱ።

ልጅዎ

*

ሚያዝያ 25

ለወንድሜ ልጅ፣

አልጋሽ ወደ ግድግዳው በመመለሱ ፈጣሪ ይመስገን። አንቺን ያወጣሽ ድፍረት ከእኛ ወገን አይደለም፤ ከእናትሽ ይሆናል።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ካፖርቴን ለበስኩ፤ ክራቫት አሰርኩ። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ደረጃው ላይ እያልኩ ወረድኩ። አንኳኳሁ። ጠብቄ ደግሜ አንኳኳሁ። ተቆጣጣሪው የቀለም ባልዲ ይዞ ከኋላዬ መጣ።

«ማንን ፈልገው ነው ጋሼ?»

«ሰፊዋን።»

«እሷማ ወጣች እኮ! ሰነበተች። አልነገረችዎትም?»

ምን ብላ ትንገረኝ? ባለሱቁ ዘንድ ሄድኩ። ሌላ ሰፈር፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ቤት አገኘች አለኝ። «ደረጃው ይገድለኛል፤ ግን ከበላዬ ሰማይ ብቻ ነው» ብላ ስቃ ነበር። አድራሻዋን አያውቅም። ስትሰናበት ስለ እኔ ምን እንዳለች ጠየቅኩት፤ ይህን መጠየቅም ያሳፍራል፤ ግን ጠየቅኩ። «ሽማግሌውን ሰላም በልልኝ፤ አሁን እንደ ልባቸው ይታጠቡ» አለች አለኝ። በፌዝ ይሁን ከልቧ፣ በዚህ ዕድሜዬ አሁንም መለየት አልቻልኩም።

ተቆጣጣሪው ቀለሙን ከማስቀባቱ በፊት ቁልፉን ሰጠኝ፤ ያልጨረስኩትን ፈተና እንድጨርስ። ሻወሩን ከፍቼ ግድግዳውንና ጥጉን እስኪበቃው አረጠብኩ። ከዚያ በውላችን መሠረት አንድ ፎቅ ወርጄ ገባሁ። በአንድ ጥግ ኮርኒሱ ላይ ፕላስቲክ በሚስማር ተወጥሯል፤ ከፕላስቲኩ ክር ተንጠልጥሎ ወደ አንድ ባልዲ ይወርዳል፤ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ በክሩ ላይ እንዲንሸራተት። ድምፁ እንዳይሰማኝ ይሁን እንዳይሰማት አላውቅም። የመኪናው እግሮች ወለሉ ላይ ምልክት ትተዋል። መጀመሪያ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ካለበት። ቀጥሎ ከዚያ ፈንጠር ብሎ። መጨረሻ ላይ በሩ ጥግ፣ ቀን እንኳ መብራት ካልበራ መርፌ ውስጥ ክር በማይገባበት።

ካፖርቴን እንደለበስኩ በሩ ጥግ ቆሜ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ አየሁ። ኮርኒሱ ደረቅ ነው። ከሥሩ የሚኖር ሰው የለም።

አጎትሽ